በጓሮ በር የሚገባው ማገዶ

በተማሪነቴ ዘመን፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ የተመደብኩበት ማደሪያ ሕንፃ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ የአይሱዙ ድምፅ ይቀሰቅሰናል። መኪናው በጓሮው በር ገብቶ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ያራግፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ይነሣል፤ ጎህ ሲቀድ መስኮታችን ላይ ጥላሸት ተለጥፎ እናገኘዋለን። እናቶቻችን የሚሆኑ እንጀራ ጋጋሪዎች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ ከዚያ ቤት ብቅ ሲሉ ዛሬም ይታየኛል። ሁለት ሰዓት ሲሆን እኛ ክፍል ገብተን ስለ ደን መመናመን እንማራለን። መምህራችን ጎበዝ ነበሩ፤ ካርታ እየዘረጉ የጠፋውን ደን በጣታቸው ያሳዩናል። እኔን ጨምሮ ከዚያ ሁሉ ተማሪ ግን «የእኛ ምግብ ቤት በዓመት ስንት ዛፍ ያነዳል?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ያ ዩኒቨርሲቲ ከሀዋሳ ሩቅ ነው። ጥያቄውን ከዓመታት በኋላ እዚህ ከተማ ላይ የማነሣው ሀዋሳ ጥፋትን ደብቆ ማቆየት የማትችል ከተማ ስለሆነች ነው። ሐይቋ ዝግ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ሌላ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በፀሐይ ይተናል። ከከተማው፣ ከእርሻውና ከፋብሪካው ታጥቦ የመጣው አፈር፣ ማዳበሪያና ኬሚካል ግን አይተንም፤ እዚያው ይቀመጣል። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ ድሮ ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ደለል የሞላው ረግረግ ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሄዶ ቆሮሶና አምባዛ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ በሰው መካከል እየተንጎራደዱ ተረፈ ዓሣ ሲጠብቁ ያየ ሰው፣ የዚህ ከተማ ምሳ ከምን ዓይነት ውኃ እንደሚወጣ ለመረዳት ምርምር አያስፈልገውም።

ለዚህ ሐይቅ ሲባል ትልቅ ነገር ተሠርቷል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ፣ የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ታክሞ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውልና ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ተደርጎ ነው። ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። ግን ልብስ ሰፍቶ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብን ድርጅት «ፍሳሽህን አጣርተህ አሳየን» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ከሆነ፣ የአካባቢ ሳይንስ የሚያስተምረውንና በዚሁ ዘርፍ የሚያስመርቀውን ተቋም ከዚያ ባነሰ መለኪያ የምንለካበት ምክንያት አይታየኝም።

የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አመጣጥም ይህን ጥያቄ ያከብደዋል። ሲጀመር የአፈርና የደን ትምህርት ቤት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ ጥቂት ቆይቶ የተቋቋመው የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ በ1998 ዓ.ም. ስሙ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በአገሪቱ የደን ባለሙያ ሲባል ወንዶ ገነትን ያልረገጠ ብዙ አይገኝም። ዛሬ ደግሞ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንት ተቋማት አንዱ ነው። ዛፍ እንዴት እንደሚያድግ፣ ውኃ እንዴት እንደሚመረመር፣ አፈር እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ሞልቷል። የማውቃቸው አብዛኞቹ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሳሰሉበት ድክመት ይህ እውቀት ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ግዢ ክፍሉ፣ ወደ ወጥ ቤቱና ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ አለመሻገሩ ነው።

ዘላቂነት የሚለው ቃል በየስትራቴጂክ ዕቅዱ አለ። ክረምት ሲገባም አመራሩ፣ መምህሩና ተማሪው ቲሸርት ለብሶ ችግኝ ይተክላል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ የየዓመቱ ልማድ ሆኗል፤ መልካም ልማድ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ሐምሌ ላይ በዋናው በር ችግኝ ይዞ የሚገባ ተቋም ዓመቱን ሙሉ በጓሮው በር ማገዶ የሚያስገባ ከሆነ፣ ሒሳቡ ሁለቱን በሮች አንድ ላይ ካላየ የተሟላ ሒሳብ አይደለም።

እስቲ በወጥ ቤቱ እንቆይ፤ ለእኔ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። አሥር ሺህ ተማሪ የሚመግብ አንድ ግቢ እናስብ። አንድ ተማሪ በቀን ሁለት እንጀራ ቢበላ፣ በቀን 20,000 እንጀራ ነው፤ በ300 የትምህርት ቀናት 6,000,000። እንጀራ ደግሞ ከምግቦቻችን ሁሉ ሙቀት የሚበላ ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መዳረስ አለበት፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሆነ ከእንጨቱ ሙቀት አብዛኛው ወደ አየር ይሄዳል፣ ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። «ምርጥ» የተባለው ምድጃ በአገራችን ከተሠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማገዶውን ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድም አዲስ ነገር አይደለም፤ በከተማ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይህ ሁሉ ባለበት አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ እንጀራውን በእንጨት የሚጋግር ከሆነ፣ የገንዘብ እጥረት ብቻ ሊባል አይችልም፤ ጉዳዩን የራሱ ጥያቄ አድርጎ የያዘው ሰው የለም ማለት ነው።

የሚነሣብኝን ክርክር አውቃለሁ። መብራት ይጠፋል። አዎን ይጠፋል፤ አሥር ሺህ ተማሪም ምሳ ሰዓት ላይ «ይቅርታ መብራት የለም» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ ማንም በአንድ ቀን ማገዶ ይቁም አይልም። ግማሹን ምጣድ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፣ ቀሪውን ጭስ ማውጫ ባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማስኬድ፣ ከተማሪ ማዕድ የሚተርፈውን ምግብ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጋር ለባዮጋዝ ማዋልና ወጡን በእርሱ ማብሰል ይቻላል። የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲያጣ አይቻለሁ፤ ርዕሱ ከክፍሉ ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ እየጨሰ ነው።

ሌላም ክርክር አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ባሕር ዛፉን የሚሸጠው የሲዳማ ወይም የምዕራብ አርሲ ገበሬ ነው። ለእርሱ የባሕር ዛፍ መደብ ባንኩ ነው፤ የልጁን የትምህርት ወጪ፣ የበሽተኛውን መታከሚያ የሚያወጣው ከዚያ ነው። ከዚህ ሰው ላይ ገበያውን ድንገት መንጠቅ ማኅበራዊ ኃላፊነት አይባልም። እኔ የምጠይቀው ጨረታው «ሜትር ኩቡ ስንት ነው?» ብሎ እንዳያቆም ነው። እንጨቱ ከየት ቀበሌ መጣ? ከተተከለ መደብ ነው ወይስ ከተራራው ደን? ወንዶ ገነት ላይ ከዝግባውና ከዋንዛው የቀረውን የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቃል። የሲዳማ የጎሳ መሪዎች በፊቼ ጨምበላላ፣ በአዲስ ዓመታቸው፣ ሕዝቡን ሰብስበው አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ይመክራሉ፤ ይህ ምክር በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ አብሮ የተጻፈ ነው። የጎሳ መሪዎቹ በዓመት በዓላቸው የሚያነሡትን ጉዳይ የግዢ ኮሚቴም በጨረታ ሰነዱ ሊያነሣው ይገባል።

ስለ ውኃው ብዙ አልልም፤ ከላይ ያልኩት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሕክምና ኮሌጅና ሆስፒታል ያለው የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ፍሳሹ ከተራ ማደሪያ ቤት ፍሳሽ የተለየ ነው፤ የመድኃኒት ቅሪት አለበት፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች ይኖሩበታል። እንዲህ ያለ ውኃ ዝግ ሐይቅ አጠገብ ሲሆን ማጣሪያው መሥራቱን በየወሩ ለክቶ በአደባባይ መለጠፍ ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል፤ ዓሣ አስጋሪውም ከሁሉም አንዱ ነው።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉ ቀድሞናል፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ የግቢ ሱቆችና ሻይ ቤቶች መታዘዝ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ብስክሌትም ቢሆን፣ ሀዋሳን የመሰለ ሜዳ ከተማ ውስጥ ተማሪ በግቢዎች መካከል በብስክሌት እንዲሄድ ማበረታታት ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለው ክፍል በየሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ተለጥፎ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም የበጎ አድራጎት ጉብኝት ፎቶ ይቀመጥበታል። ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ትልቅ ተቋም ውስጥ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ አነጋግሬ ነበር። የቀጠራት ኤጀንሲ ነው። ሦስት ፎቅ ታጸዳለች፤ ጓንቷን የገዛችው ራሷ ናት፤ ደመወዟ ሲዘገይ ተቋሙ «ወደ ኤጀንሲው ሂጂ» ይላታል፣ ኤጀንሲው «ተቋሙ አልከፈለንም» ይላታል። «እትዬ፣ እኔ የማን ሠራተኛ እንደሆንኩ እስካሁን አላወቅሁም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን በር ከፍቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ቦርዱን መጠበቅ የለበትም። ጨረታ ሲያወጣ «ለአንድ ሠራተኛ ከዚህ በታች የሚከፍል አይወዳደር፣ ጓንትና ጫማ የሚያቀርበው አሸናፊው ነው፣ ደመወዝ ከዚህ ቀን ካለፈ ውሉ ይቋረጣል» ብሎ መጻፍ ዛሬ ይችላል። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል በሚል ብቻ የሚሠራ ጨረታ ልዩነቱን የሚያስከፍለው ያችን ሴት ነው።

በማደሪያው ውስጥም ውኃ ሲጠፋ ሁሉም እኩል አይቸገርም። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ውኃ በሌለበት መጸዳጃ ቤት ምን እንደምትሆን ሴቶች ሁሉ እናውቃለን፤ ወንዶቹ አመራሮች ግን ሲነገራቸው እንኳ ዝርዝሩን መስማት ያፍራሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተማሪ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ሲመደብለት በጓደኞቹ ጀርባ ታዝሎ ይወጣል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ካዘዘ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አልፏል።

ዓለም አቀፍ መድረኩ ላይ ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1990 በፈረንሳይዋ ታሎአር የተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች አካባቢን በትምህርታቸውም በአሠራራቸውም ለመጠበቅ ቃል ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ግሪን ሜትሪክ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን በኃይል፣ በውኃ፣ በቆሻሻ፣ በመጓጓዣና በመሳሰሉት ደረጃ ያወጣላቸዋል። ደረጃው የሚቆመው በዋናነት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሞልቶ በሚልከው መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍላጎት ለኢንዶኔዥያ ከሚላከው ቅጽ በፊት ለአሞራ ገደል፣ ለታቦርና ለወንዶ ገነት ሰው የሚነገር ሒሳብ ነው።

ሲዳማ ለዚህ ቃል አለው። ነገር ከመወሰኑ በፊት ሽማግሌው «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰምታችኋል ወይ፣ አውቃችኋል ወይ ማለት ነው። ያልሰማ ሰው እያለ ጉዳዩ አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲውም በዓመት አንድ ገጽ በሲዳምኛና በአማርኛ በዋናው በር ላይ ይለጥፍ፦ ይህን ያህል ማገዶ ገዛን፣ ከዚህ ቀበሌ፤ ይህን ያህል ናፍጣ ለጄኔሬተር፤ የፍሳሻችን ምርመራ ውጤት ይህ ነው፤ ይህን ያህል ምግብ ተደፋ፤ በኤጀንሲ የሚሠሩት ሰዎች ቁጥር ይህን ያህል፣ ዝቅተኛው ደመወዛቸው ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር መጥፎ ቢሆን ግድ የለም። ማንም ያንን ገጽ አንብቦ አይሰድባቸውም፤ እኔ መጀመሪያ የማመሰግናቸው ሰው እሆናለሁ።

ይህን ለመጀመር በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በየዩኒቨርሲቲው የጓሮ በር ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ የሚገባውን የጭነት መኪና ሰዓትና ታርጋ አሁንም በመዝገብ ይጽፋል። ከታርጋው ጎን አንድ ዓምድ ይሰመርለትና የጭነቱን ዓይነትና ኪሎ፣ የመጣበትንም ቀበሌ ይጻፍበት። መስከረም ላይ ቢጀመር፣ ሰኔ ላይ ተማሪዎች ለእረፍት ከመሄዳቸው በፊት ድምሩ ይታወቃል።