ባህር በር፦ አሰብ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?

የሾፌር ልጅ፦ እኔ ይሄን የባህር በር ነገር ከፖለቲከኛ አይደለም የሰማሁት፣ ቤታችን ውስጥ ነው ያየሁት። አባቴ የኤርትራው ወደብ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፣ ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋና መኪናውን ወደ ጅቡቲ አዞረ። አሁን ደግሞ ወንድሜ እዛው ጅቡቲ መስመር ላይ ነው፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ሰልፍ ይይዝና ከተሳቢው ስር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል፣ ጥላ ያለው እዛ ብቻ ነዋ። ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ገቢና ወጪ ንግዳችን በአንድ ጎረቤት በኩል ነው የሚያልፈው፣ እነሱ ታሪፍ ሲጨምሩ ምን ልትል ነው? ከቡሬ ድንበር አሰብ እኮ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ታዲያ ጥቅምት 2016 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀይ ባህርን አንስተው መናገራቸው ምኑ ነው ነውሩ?

ታዛቢው፦ ወንድሜ፣ አባትህ እኮ መልሱን ነግሮሃል አንተ ነህ ያልሰማኸው። ኤርትራ ነፃ የወጣችው በ1985 ነው፣ አባትህ እስከ 1990 አሰብ ሲመላለስ ወደቡ የኛ ነበር እንዴ? አልነበረም። የሰው ወደብ ነበር፣ ዕቃው ግን ይገባል ይወጣል። የዘጋው ጦርነት ነው፣ አንተ ደግሞ በሌላ ጦርነት ይከፈትልኝ ልትል ትንሽ ነው የቀረህ።

የሾፌር ልጅ፦ ጦርነት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ አታስገባብኝ። እኔም የምለው እሱኑ ነው፣ 5 ዓመት ሰራን ከዛ በአንድ ጠብ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፣ ምክንያቱም ዋስትና አልነበረንም። ለዚህ እኮ ነው ታኅሣሥ 2016 ላይ ከሶማሊያ ተገንጥያለሁ ከምትለው ሶማሌላንድ ጋር የተፈራረምነው፣ 20 ኪሎ ሜትር ጠረፍ በሊዝ ለ50 ዓመት። ያኔ አለም ጮኸብን፣ በታኅሣሥ 2018 እስራኤል ለሶማሌላንድ እውቅና ስትሰጥስ? ቀድመን አይተነው ነበር።

ታዛቢው፦ ማየት ሌላ ማግኘት ሌላ። ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ግብፅ ደግሞ በአባይ ስትናደድ የከረመች አገር በር ተከፈተላት፣ ነሐሴ 2016 ላይ ከሶማሊያ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራርማ መሳሪያ ላከች። እኛ ወደብ ፍለጋ ሄደን ግብፅን ጓሯችን አስገብተን ተመለስን ማለት ነው። ከዛ ታኅሣሥ 2017 አንካራ ላይ ኤርዶዋን መሃል ገብተው የተገኘው ምንድነው? «በሶማሊያ ሉዓላዊነት ስር» የሚል መተላለፊያ። ይሄ እኮ ያለ ጩኸት ቡና ጠጥተንም ልንጠይቀው የምንችለው ነበር። ደሞ የሶማሌላንዱ ወደብ በርበራ ላይ በ2010 19 ከመቶ ድርሻ ነበረን አይደል፣ በ2014 የተባለውን ሳናሟላ ቀርተን ከእጃችን ወጣ። እሱንስ ማን ቀማን?

የሾፌር ልጅ፦ የበርበራውን ተወው እሱ ያቃጥለኛል፣ ልክ ነህ። ግን ዝም ብንል ኖሮ ጅቡቲ ራሷ ነሐሴ 2016 ላይ ታጁራ ወደብን ውሰዱ አስተዳድሩት ትለን ነበር? ጩኸቱ ነው ያመጣው።

ታዛቢው፦ እሺ ይሁን፣ ጩኸቱ አመጣው እንበል። ታዲያ ታጁራን ለምን አልያዝነውም?

የሾፌር ልጅ፦ እሱን ወንድሜ ከጋላፊ ሲደውል እጠይቅልሃለሁ፣ ኔትወርክ ካገኘ።