ፈራሚው መሐንዲስ ደመወዙን ከማን ይቀበላል?

የአሜሪካው የመጀመሪያ አህጉር አቋራጭ ባቡር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ፎቶ ነው። ጊዜው 1869 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዩታ ውስጥ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ቆመው፣ ሰዉ ጠርሙስ ይዞ ሲጨባበጥ። ለእኔ የዚያ መስመር ትልቁ ሰው ግን ፎቶው ላይ የለም። ስሙ ፒተር ዴይ ነው። ሐዲዱ ገና አንድ ማይል እንኳ ሳይነጠፍ ሥራውን ጥሎ ወጥቷል።

ዴይ የዩኒየን ፓሲፊክ ዋና መሐንዲስ ነበር፤ ከኦማሃ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ክፍል የእሱ ኃላፊነት ነው። ሊንከን በ1862 የፈረመው ሕግ ለኩባንያዎቹ በማይል ሂሳብ የመንግሥት ቦንድ ያበድራል፤ ሜዳ ላይ 16,000 ዶላር፣ ከፍ ሲል 32,000፣ ተራራ ላይ 48,000። እንግዲህ አስቡት፣ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ገንዘቡም ይጨምራል። ዴይ መሬቱን አስቀይሶ ለአንድ ማይል 30,000 ዶላር ይበቃል አለ። የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ቶማስ ዱራንት ግን ግምቱን ወደ 50,000 አሳድገው አለው። ከዚያ በዚሁ በ50,000 ዋጋ ኮንትራቱ ኸርበርት ሆክሲ ለሚባል፣ ባቡር ሊሠራ ቀርቶ ገንዘቡም ለሌለው ፖለቲከኛ ተሰጠ። ከጀርባው ያሉት ዱራንትና ወዳጆቹ ነበሩ። አሠሪውም ሠሪውም እነሱው ሆኑ ማለት ነው።

በ1864 መጨረሻ ዴይ መልቀቂያውን ጻፈ። አገሪቱ በሙያው ለማንም ሰጥታ የማታውቀውን ትልቅ ቦታ እየለቀቀ መሆኑን እንደሚያውቅ ራሱ ደብዳቤው ላይ አስፍሯል። አይቶ እንዳላየ ሆኖ መፈረም ይችል ነበር። ሳይት ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክፍያ የሚወጣው በመሐንዲሱ ፊርማ ነው፣ ፊርማውን የሚጠብቁት ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ያውም ደመወዙን የሚከፍሉት ራሳቸው ከሆኑ።

እሱ ሲወጣ የሆነውን እዩ። ሳይላስ ሲሞር የሚባል አማካሪ መሐንዲስ፣ ዴይ ከኦማሃ ቀጥ አድርጎ ያወጣውን መስመር ወደ ደቡብ ጠምዝዞ 9 ማይል አስረዘመው። ምክንያቱ ዳገቱን ለመቀነስ ነው ተባለ። በ16,000 ሂሳብ ቦንዱ ብቻ 144,000 ዶላር ነው፤ መንግሥት በየማይሉ የሚሰጠው መሬት ሳይቆጠር። ኩባንያው ያንን ጥምዝ ያቃናው በ1908 ነው። ከ40 ዓመት በላይ መንገደኛውም ዕቃውም በዚያ ሲዞር ኖሯል!

ተቆጣጣሪ ጠፍቶ አይደለም። መንግሥት የሾማቸው ኮሚሽነሮች በየ20 ማይሉ መስመሩን አይተው ካላጸደቁ ቦንድ አይለቀቅም ነበር። ግን እነሱም ያጸድቁ ነበር፣ ሐዲዱም ይቀጥላል። በ1868 የተላከ ልዩ ኮሚሽን የተሠራውን ወደ ደረጃው ለማምጣት ሚሊዮኖች ዶላር እንደሚጠይቅ ሪፖርት አደረገ። በዚያው ክረምት በዋሳች ተራሮች ሐዲዱን በረዶ ላይ አነጠፉት፤ አንድ ባቡር ከነሐዲዱ ተንሸራቶ ወደቀ።

ከምዕራብ የመጣው ሌላው ኩባንያ፣ ሴንትራል ፓሲፊክም ቅዱስ አልነበረም። ከሳክራሜንቶ 7 ማይል ላይ ያለ ሜዳ «የተራራው መጀመሪያ» ተብሎ በሊንከን እንዲጸድቅለት አድርጓል። ግን ሴራ ኔቫዳ ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ዋሻ ማታለል የማይቻልበት ሥራ ነበር። ርዝመቱ 506 ሜትር ገደማ፣ ድንጋዩ ግራናይት፣ ባሩዱ በቀን የሚያስኬደው 30 ሳንቲሜትር ያህል። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ፣ ደግሞም መሃል ላይ 22 ሜትር ያህል ቁልቁል ቆፍረው ከዚያ በግራና በቀኝ ገቡበት፤ በአራት ግንባር። የሥራው ኃላፊ ሉዊስ ክሌመንት ነበር። መሃል ላይ ያለው ጉድጓድ ወርዱ ከ4 ሜትር ያንሳል፤ በዚያ በኩል በቱንቢ መስመር አውርዶ ከመሬት በታች አቅጣጫ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ቀያሽ ይንገራችሁ። ቱንቢው ጋ 1 ሚሊሜትር ከሳትክ፣ 100 ሜትር ላይ 3 ሳንቲሜትር ትስታለህ። በ1867 ግንባሮቹ ሲገናኙ ልዩነቱ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር። ባቡር እስከ 1993 ሄዶበታል። ይሄ ነው ቁጥጥር።

ግን ያንን ድንጋይ በመዶሻ የፈለፈሉት ቻይናውያን ናቸው፣ ስንቶቹ እንደሞቱ ደግሞ ኩባንያው መዝግቦ አላስቀመጠም። በ1867 የወር ደመወዛችን 40 ዶላር ይሁን፣ የዋሻው የሥራ ሰዓት ይቀነስ ብለው ሥራ ሲያቆሙ የኩባንያው የግንባታ አለቃ ቻርልስ ክሮከር ምግብ እንዳይደርሳቸው አደረገ። ሳንቲሜትሩን የሚለካ ሰው ነበር፣ የሞተውን የሚቆጥር ግን አልነበረም። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

«ያኔ ጊዜው እንደዚያ ነበር፣ ባይቸኩሉ ባቡሩ አይሠራም ነበር» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የዴይ መስመር አጭር ነበር፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ፤ የተመረጠው ቢሆን ባቡሩ የትም አይቀርም ነበር። የጠፋው ደፋር መሐንዲስ አይደለም፣ ለመሐንዲሱ ከኩባንያው ኪስ ውጭ የሚከፍለውና «አይሆንም» ሲል ከኋላው የሚቆም አካል ነው። ኮንግረሱ በ1873 ጉዳዩን ሲመረምር ዴይ ቀርቦ ስለ ግምቱ መሰከረ። ሁለት የምክር ቤት አባላት በይፋ ተወገዙ። ዴይን ደግሞ የአዮዋ ግዛት በ1878 የባቡር ኩባንያዎችን እንዲቆጣጠር ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው፤ ለዓመታትም ሠራበት።