ቅጥቅጥ ገዛሁ ብል አውቶቡስ መሰላቸው

ባለፈው ዓመት ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ «ቅጥቅጥ ገዛሁ» አልኩ። አጎቴ ከአፌ ነጥቆ «በየትኛው መስመር ልታሠራው ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም። እኛ አገር ቅጥቅጥ ማለት በአይሱዙ ቻሲስ ላይ አካሉ እዚሁ የተበየደ አውቶቡስ ነው። እኔ የገዛሁት ግን ሰባት የጎልፍ ዱላ ነው፤ አይረን የሚባሉት፣ ጭንቅላታቸው ብረት የሆነ፣ ከ4 ቁጥር እስከ 9፣ ከዚያም ለቅርብ ምት የሚሆነው ፒቺንግ ዌጅ። ቅጥቅጥን በእንግሊዝኛው «ፎርጅድ ነው» ብለው ኖሮማ ይብስ ነበር። ፎርጅድ ሲባል ቶሎ የሚታየን የሐሰት ዲግሪ ነው። ዋጋውን ስነግረው ስኒውን አስቀመጠ። «በዚህ ጎማዎቹን ትገዛ ነበር» አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ በኩል የምንገናኝ ሰባት ስምንት ሰዎች አለን። ድርቆሹ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ አንድ ገበሬ በሚፈቅድልን መስክ ላይ ኳስ እንመታለን። ላሞቹ ለምደውናል። የምር ጨዋታ ሲያምረን ደግሞ ወደ ከተማ እንገባለን። በሁለት ዓመት ውስጥ አራታችን ከካስት ወደ ፎርጅድ አይረን ተሻግረናል። ያሻገረን ወሬ አንድ ነው፤ «ስሜቱ ሌላ ነው» ተብለን። ሦስቱ ዛሬም ያንኑ ይላሉ። እኔ ግን ደህና ዕቃ በተሳሳተ ምክንያት ገዛን ባይ ነኝ።

ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ካስት የሚባለው ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይዝግና ጠንካራ። ፎርጅዱ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው፤ ካርቦኑ ከመቶ 0.25 ያህል ብቻ። እስከ 1,200 ዲግሪ ገደማ ይግልና በከባድ መዶሻ ይቀጠቀጣል። ድሮ አይረን የሚሠራው እንዲህ ነበር። ኋላ ካርስተን ሶልሃይም የሚባል መሐንዲስ መጣና የዱላውን ጭንቅላት ክብደት ከመሀል አንስቶ ዳር ዳሩን አደረገው። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ለማውጣት ማፍሰስ ይቀላል። የእሱ ፒንግ አይ 2 እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ካስት የብዙኃኑ፣ ቅጥቅጥ የባለሙያው ተባለ። ኳሱን ከመሀል ስታችሁ ስትመቱት የሚምራችሁ ግን ቅርጹ ነው። መፍሰሱና መቀጥቀጡ እዚህ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ጀርባው የተቦረቦረ፣ ይቅር ባይ ቅጥቅጥም ሞልቷል።

ስሜቱንስ? አንድ ጠዋት ልፈትነው አልኩ። ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ አሮጌውንና አዲሱን 7 ቁጥር እያፈራረቅኩ ሃያ ሃያ ኳስ መታሁ። ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። ጥጡን ሳወጣ ልስላሴው ተመልሶ መጣ። ለካ እጄ ተሰማው የምለው ጆሮዬ የሰማውን ኖሯል። ኳስ ብረቱ ላይ የሚቆየው 0.0005 ሰከንድ ያህል ነው፤ እጅ ሳይነቃ ኳሱ ሄዷል። ደስ የሚል ድምፅ አይገዛም አላልኩም። ድምፅ መሆኑን አውቆ መግዛት ነው እንጂ።

ትልቁ ጭቅጭቅ ርቀት ላይ ነው። አንዱ ወዳጃችን አዲሶቹን ይዞ በመጣበት ቅዳሜ በ7 ቁጥሩ 12 ሜትር ያህል አጣ። «ተበላሁ» ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አልተበላም። የአሮጌው 7 ቁጥር ፊት 29 ዲግሪ ነበር የተጋደመው፤ የአዲሱ 34 ነው። ፊቱ ይበልጥ ሲጋደም ኳሱ ከፍ ይላል እንጂ አይርቅም። ቁጥሩ አንድ ሆነ እንጂ ዱላው አንድ አይደለም። ያ አሮጌ 7 ቁጥር በአዲሱ ስብስብ ውስጥ ቦታው በ5ና በ6 መካከል ነው። በዚያ ላይ እኛ የምንመታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆመን ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ እዚህ ከቆላ አገር አሥር ከመቶ ያህል ይርቃል። ስለዚህ «አዲሱ ዱላ ኳስ አራቀልኝ» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የሱሉልታ አየር ነው።

ቅጥቅጡ ክረምት ላይ እንደሚዝግም ልንገራችሁ። ክሮሙ ከተላጠ ጨርቅና ዘይት ከእጃችሁ አይጥፋ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በጥር መሬቱ ድንጋይ ነው። በ8 ቁጥሬ ስመታ ሣር ሥር የተደበቀች ድንጋይ የዱላውን ጭንቅላት ጫፍ አገኘችው። ቂው አለ። ጫፉ የጥፍር ያህል ተሰረጎደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ዱላ የምመታው ኳስ ወደ ግራ ይሄድብኝ ጀመር። አያያዜን ስወቅስ ሁለት ወር አለፈ።

የነቃው ዱላ የሚሸከምልን ካዲያችን ነው። የእሱ ቦርሳ ውስጥ አንዱ ዱላ ከአንዱ አይገጥምም፤ 5ቱ ከአንድ ስብስብ፣ 7ቱ ከሌላ፣ 9ኙ ጭራሽ ስሙ የተፋቀ። ሁላችንንም ያሸንፈናል። «ጋሼ፣ አፈሩን ይዩት እስቲ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቆፈረው ከእኔ በኩል ጥልቅ ነው፤ ከወዲያ በኩል ጭረት ብቻ። የዱላው ተረከዝ፣ ዘንጉ የገባበት በኩል ማለቴ ነው፣ እየቀደመ ይቆፍር ነበር፤ ኳሱን ወደ ግራ የሚወስደው ይኸው ነው። 8ቱንና 9ኙን ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። የ8ቱ ጫፍ ከመሬት ተነስቷል፤ በሥሩ ሳንቲም ያሳልፋል። ድንጋይዋ ብረቱን አጥፋዋለች።

መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚሠራ ብረት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው በጥፍሩ አንኳኳው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው። «ይሄ ተቀጥቅጦ ነው የተሠራው» አለኝ። እኔ ምንም አላልኩትም ነበር። አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። የዱላውን ጭንቅላት በጎማ ጠቅልሎ ሞርሳ ውስጥ አሰረ፣ አንገቱን በቁልፍ ያዘና ቀስ ብሎ ሳበ። ዘንጉን እንዳይነካብኝ ስለማመጠው ዝም ብሎ ይሠራል። እሳት የለ፣ ብየዳ የለ። ጠንካራ ካስት ቢሆን ወይ አልታጠፍም ይላል፣ ወይ ቀጭ ይላል።

ለእኔ የቅጥቅጥ አይረን ጥቅሙ ይኸው ነው። ለቁመታችሁና ለአቋቋማችሁ ልክ ይታጠፍላችኋል። በዚያው ልስላሴው ሳትጠይቁት በራሱ ጊዜም ይታጠፋል፤ በተለይ እንደኛ ካለ መሬት ጋር ሲጋጭ። በዚያ ዋጋ ገዝቶ አንድ ቀን እንኳ የአንገቱን ማዕዘን ያላስለካ ሰው ገንዘቡን ለጆሮው ነው የከፈለው። አራታችንም እንደዚያው ነን።

ሰውዬው ሲሠራ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። የእኔ ዱላዎች የተቀጠቀጡት ሂሮሺማ ነው። የተቀጠቀጠ መሆኑን ለመናገር አፌ ሞልቶ ነው። እዚህ ግን ብረት ሠሪን ጠይብ እያሉ መስደብ እንዲቀር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። የሰውዬው አባት ከአዋጁ በኋላም ያን ስድብ ሳይሰሙ አልቀሩም። አልጠየቅኩትም፤ አፈርኩ።

«ስንት ልክፈል?» ስለው «ለዚህች?» ብሎ ሳቀ። ሦስት መቶ ብር አስያዝኩት። «የቀሩትንስ አይተዋቸዋል?» አለኝ።

አላየኋቸውም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባቱንም ተሸክሜ ሄድኩ። ፋብሪካው የጻፈውን ልክ ከስልኬ እያነበብኩለት እሱ በማዕዘን መለኪያው አንድ በአንድ አያቸው። 6ቱም ታጥፏል። 9ኙም፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው በኩል። ሲሚንቶው ላይ 8ቱን ያስተያየንበት ዱላ ራሱ ልኩን የሳተ ነበር።