ስልክ በረካ የለውም

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አገሬን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ ቡና ተፈላ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ሁሉም ነገር ልጅ ሆኜ እንደማውቀው ነው። ሰዉ ግን አንገቱን ደፍቷል።

አቦሉ ሲቀዳ የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ ነበር። እትዬ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤታችን የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ሊያሳዩኝ ስልካቸውን አወጡ። ፎቶው ሳይገኝ ሌላ ቪዲዮ መጣና እዚያው ቀሩ። ሦስት ዓመት ያልሞላት የጎረቤት ሕፃን ደግሞ ዩቲዩብ ካልተከፈተላት አፏን ለጉርሻ አትከፍትም። ስልኩ ሲነሳባት የምታለቅሰው ልቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሲኒዎቹን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ቡና መጨረሻ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ከተጠጣ ይመረቃል፣ ረከቦቱ ይነሳል፣ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ስልክ በረካ የለውም። ድሮ ኢንተርኔት ላይ ገጹ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረብን። ያቺ ትንሽ ማቆሚያ «ይበቃኛል» ለማለት ፋታ ትሰጥ ነበር። አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2006 ማቆሚያዋን የሚያስቀር አሠራር ሠራ። በጣት በገፉት ቁጥር የማያልቅ ገጽ ማለት ነው። በኋላ በዚህ ሥራው እንደሚጸጸት ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። እትዬን ከፎቶው መንገድ ላይ ያስቀራቸው ይኸው አሠራር ነው እንጂ የእሳቸው ስንፍና አይደለም።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ሰዉ ከስልክ ጋር ከእኛ ቀድሞ ስለተዋወቀ ጉዳቱንም ቀድሞ አየ። አሁን ማቆሚያውን በሕግ ለመመለስ እየታገለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የግዛቱ ገዥ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የተማሪን ስልክ እንዲገድቡ አዘዘ። በ2025 ደግሞ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ደወል ስልክ የለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው እስከመከልከል ሄዳለች።

ልጄ አስረኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተነጫነጨ። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አባዬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው እንዴት እንደሚንጫጫ አታውቅም» አለኝ። ልጆቹ ማውራት ጀምረው ነው። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤትም ስልክ ይዞ መግባት ይከለክላል። ችግሩ ማታ ላይ ነው። የቤት ሥራው የሚላከው በቴሌግራም ነው። ስለዚህ «ስልክ አምጪ፣ ሆምወርክ አለኝ» ሲል እናቱ ምን ትበል? ሆምወርኩ በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ ስልኩ ግን አይመለስም። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ ከቀኑ ይረክሳል። ወጣቱ ቁጠባ ብሎ እንቅልፉን ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የእናቴ ነገር ነው። እማዬ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ መብራቱ ሲበራ አየሁ። አንዱ የዕድር ግሩፕ ነው፣ አንዱ ማስታወቂያ፣ አንዱ የአክስቴ «ደህና እደሩ» የሚል ምስል። «ለምን አታጠፊውም?» አልኳት።

«አንተ ብትደውልስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እዚህ ከሥራ ስወጣ በሐበሻ ሰዓት ከቀኑ 11 ነው። አዲስ አበባ በበጋ ከሌሊቱ 7፣ በክረምት 6 ሰዓት ይሆናል። ስንት ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን እያሰርኩ ደውያለሁ። እሷም «አልተኛሁም» ትለኛለች። ውጭ ያለን ሰዎች አገር ቤት ያለውን የስልክ ሱስ ስናማ ይህን እናነሳለን? ስንቶቻችን ነን የእናታችንን እንቅልፍ የምንሰብር?

ከመመለሴ በፊት ተነጋገርን። ስልኩ ሳሎን ቡፌው ላይ ቻርጅ ይደረጋል። ግሩፖቹን ሁሉ ድምፅ አጠፋሁላት። ከመርካቶ ደወል ያላት ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ፤ «ሰዓት ለማየት» የሚለው ምክንያት እንዲቀር። የከፋ ነገር ከመጣ በእህቴ ስልክ ይደወላል። ለነገሩ እኛ አገር መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል እንጂ በስልክ ሰው አይረዳም። ወሬያችን ደግሞ ቅዳሜ ሆነ፤ እኔ ጋ ጠዋት፣ እሷ ጋ ከቡና በኋላ።

እኔም እዚህ የራሴን ስልክ ከመኝታ ቤት አወጣሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። እጄ በጨለማ ኮሞዲኖውን ይዳስስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለባለቤቴ በሥራ ቦታ ስላስጨነቀኝ ነገር ተኝተን አወራኋት። ከዚያ በፊት መቼ እንዲህ እንዳወራን አላስታውስም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ናፍቆቴ ቀደመኝና ከቀጠሯችን በፊት ደወልኩ። ከጀርባዋ ሳቅ ይሰማል። እትዬ ናቸው መሰለኝ።

«ገና ቶና ላይ ነን ልጄ፤ በረካው ሲያልቅ እኔው እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቡናዬን አፍልቼ ጠበቅኳት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደወለች።