ሆድ እስኪገፋ አትጠብቁ

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይ ኡበር እየነዳችሁ ወይም የራሳችሁን ትንሽ ንግድ እየሠራችሁ የጤና ኢንሹራንስ በግላችሁ የምትገዙ፣ ስሙን። እርግዝናን ከሰው ዓይን መሸሸግ ወጋችን ነው፤ ሸሽጉት። ከኢንሹራንስ ግን አትሸሽጉት። አምስተኛው ወር ላይ ደርሳችሁ «አሁንስ ኢንሹራንስ ልግዛ» ስትሉ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ።

በፈረንጆቹ እስከ 2013 ድረስ በግል ከሚገዛው ኢንሹራንስ አብዛኛው ወሊድን አይሸፍንም ነበር። ያረገዘችንም ሴት «ቀድሞ የነበረ ሕመም» በሚል ሰበብ ይመልሷት ነበር። ኦባማኬር የተባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ይህን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ አስቀረው። በማርኬትፕሌስ፣ ማለትም በዚሁ ሕግ በተቋቋመው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ፣ የሚሸጥ ፕላን ሁሉ የእርግዝና ክትትልን፣ ወሊድንና የጨቅላውን ሕክምና የመሸፈን ግዴታ አለበት፤ ነፍሰ ጡር ናት ብሎ መከልከልም ዋጋ መጨመርም አይችልም። መግዣው ግን ወቅት አለው። ኖቬምበር 1 ይከፈታል፤ እስከ ዲሴምበር 15 የተመዘገበ ጃንዋሪ 1 ይጀምርለታል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ለመግባት ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ያስፈልጋል። በፌዴራሉ ማርኬትፕሌስ መውለድ ምክንያት ነው፤ ማርገዝ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ኒውዮርክ እርግዝናንም ይቀበላሉ፤ ሜሪላንድ ያላችሁ እርግዝናው በሐኪም ከተረጋገጠበት ቀን አንስቶ 90 ቀን አላችሁ። በዲቪ አዲስ የገባችሁ ደግሞ ያላችሁ 60 ቀን ነው። «ትንሽ ልረጋጋ» እያላችሁ አታባክኑት።

ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል። ለነፍሰ ጡር የገቢው ጣሪያ ከፍ ይላል፤ በሆዷ ያለው ልጅም በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ይገባላታል። «ግሪን ካርዴ አምስት ዓመት አልሞላውም» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቅሩ፤ ብዙ ስቴቶች ይህን ገደብ ለነፍሰ ጡር አንስተውታል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ወረቀት ለሌላት ነፍሰ ጡር እንኳ መንገድ ከፍተዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ርካሽ በመሆኑ ብቻ፣ የሚያውቁት ሰው ስለሸጠላቸው ብቻ የሚፈርሙ ሰዎች ነገር ነው። የአጭር ጊዜ ፕላን ብዙውን ጊዜ ወሊድን አይሸፍንም፤ እነዚያ የኦባማኬር ግዴታዎች አይመለከቱትም። የሃይማኖት ማኅበራት የሚያቋቁሙት የወጪ መጋሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ኢንሹራንስ አይደለም፤ አባል ከመሆን በፊት የተፀነሰውን ብዙውን ጊዜ አይቀበልም። ከመፈረማችሁ በፊት የሽፋኑን ማጠቃለያ ወረቀት ጠይቁ። የኦባማኬርን ሕግ የሚያሟላ ፕላን ሁሉ አለው። ውስጡ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። መጨረሻው አካባቢም ፔግ የምትባል ሴት በምሳሌነት ትወልዳለች፤ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ የምትከፍለው)፣ ኮፔይዋ (በየሕክምናው የምትከፍለው ድርሻ)፣ ያልተሸፈነላት፣ በጠቅላላው ከኪሷ የሚወጣው በዶላር ተዘርዝሯል። ሻጩ ይህን ወረቀት ማሳየት ካልቻለ ተነሥታችሁ ውጡ።

ተሸፍኗል ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም። መደበኛው የእርግዝና ክትትልና የስኳር ምርመራው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አልትራሳውንዱና ምጡ ግን ዲዳክቲብል ውስጥ ይገባሉ። በ2025 የማርኬትፕሌስ ፕላን ለአንድ ሰው ከኪስ የሚያስወጣው ጣሪያ 9,200 ዶላር ነበር። ዲዳክቲብሉ ጃንዋሪ 1 ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ የምትወልድ ሴት በመጸው የከፈለችው ሁሉ ለወሊዱ አይታሰብላትም። ኖቬምበር ላይ ስትመርጡ የወር ክፍያውን ብቻ አትዩ። በሚቀጥለው ዓመት መውለድ ካሰባችሁ ብሮንዝና ሲልቨር የተባሉትን የፕላን ደረጃዎች የ12 ወር ክፍያ፣ በላዩም ዲዳክቲብሉን ደምራችሁ አስተያዩ። ገቢያችሁ ከድህነት መለኪያው ከ250 በመቶ በታች ከሆነ ዲዳክቲብልና ኮፔይ የሚቀንሰው ቅናሽ ያለው በሲልቨር ላይ ብቻ ነው። ሐኪሟ ኔትወርክ ውስጥ ናት፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል አላት፣ ብላችሁም አትተኙ፤ የምታዋልድበትን ሆስፒታል ስም ለይታችሁ ጠይቁ። ሆስፒታሉ ኔትወርክ ውስጥ ሆኖ፣ ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ የማደንዘዣ ሐኪም ከመደበኛ ድርሻችሁ በላይ የሚያስከፍል ቢል ቢመጣ ደንግጣችሁ አትክፈሉ፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሕግ ይከለክለዋል። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ።

ልጁ ከተወለደ በኋላስ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ማርኬትፕሌሱ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው 60 ቀን ነው። የሴት ልጁን ክርስትና ደግሶ እስኪጨርስ የቆየ አባት አልፎበታል። የባለቤታችሁ ኢንሹራንስ ከሥራ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፤ አራስ ጠያቂው ሳያልቅ ያልቃል። የእናትየው ካርድ ለልጁ ይበቃል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሕፃኑ የራሱ ቢል አለው፣ የጨቅላ ማቆያ ክፍል ከገባም ቢሉ ከባድ ነው። በሆስፒታል የሞላችሁት የልደት ምስክር ወረቀት ቅጽ ለኢንሹራንሱ ምዝገባ አይሆንም። በጊዜው ካስመዘገባችሁ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተወለደበት ቀን ይጀምራል፤ ክፍያውም እንደዚያው። ከ26 ዓመት በታች ሆና በወላጆቿ ኢንሹራንስ ያለች ልጃችሁ ከወለደች፣ የልጅ ልጃችሁ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ውስጥ አይገባምና ሜዲኬይድ ወይም ማርኬትፕሌስ ጠይቁለት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ በፖስታ እስኪመጣም አትጠብቁ፤ ምዝገባው ያለ ቁጥሩ ይጀመራል፣ ቁጥሩ ሲደርስ ይሞላል።