ሐምራዊው በዛ
ፎቶውን የለጠፍከውን የፈረንጅ 90ዎቹን ማውንቴን ባይክ (የተራራ ሳይክል) እንዲህ ማደስህ አሪፍ ነው ግን ካቴናውም ጎማውም ኮርቻውም ሐምራዊ ሲሆን በዛ በቃ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጣል ቢደረግ ይበቃው ነበር። እኛ ባህር ዳር ከተማው ሜዳ ስለሆነ አሮጌ ባለ 26 ኢንች ጎማ ሳይክል አይጠፋም፣ የብረት ፍሬም ደግሞ ቢሰነጠቅ ብየዳ ቤት ወስደህ ታስበይደዋለህ፣ አሉሚኒየሙን ማን ደፍሮ ይነካዋል። እኔ የኔን ጣና ክረምት ላይ የሚይዛትን ቡናማ ነው የማስቀባው (ሰማያዊው ለፖስትካርድ ነው)። ለሚቀቡ ግን፣ የፔዳሉ ማሰሪያ ጥርስ ውስጥ ቀለም እንዳይገባ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ኋላ አልገጥምም ብሎ ጉድ ያፈላል፣ የፍሬኑ ላስቲክ የሚነካውን የቸርኬውን ጎን ደግሞ ጭራሽ አትቀቡት ቀለሙም ይላጣል ፍሬኑም በደንብ አይዝም። ሳይክላችሁ የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ ቪ ብሬክ የሚባለውን ፍሬን በፈረንጅ 1996 ከማምጣቱ በፊት የተሠራ ከሆነ ኦሪጅናል ካንቲሌቨሩን (የድሮውን ዓይነት ፍሬን) እንዳትጥሉት።