ቢጫ ቅጠል ሁሉ ውሃ አልጠማውም

የቤት ውስጥ ተክል ቅጠሉ ቢጫ በሆነ ቁጥር «ውሃ አንሶት ነው» መባሉ ከልብ ያበሳጨኛል። ሻጩ ይህንኑ ይላል፤ ጎረቤት ይህንኑ ይላል፤ ሊጠይቀን የመጣ ዘመድም ገና ሳይቀመጥ ይህንኑ ይላል። አፈሩን በጣቱ የነካ፣ የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደገረጣ ያየ፣ የተረፈው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ የምንረግጠው መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ጫማ ይነቅላል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ሰዎች ይህንኑ አፈር ቆፍረው ለሞንስቴራውም፣ ለድራሴናውም፣ ለፖቶሱም እኩል ይሞሉታል። ሞንስቴራ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ሞቃታማ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ እየወጣ የሚያድግ ተክል ነው፤ ሥሩ በቅርፊትና በብስባሽ ቅጠል መካከል፣ አየር እንደልብ በሚገባበት ቦታ መኖር የለመደ ነው። እሱን በመረሬ መቅበር፣ መረሬውን ከታች ቀዳዳ በሌለው የሚያብረቀርቅ መትከያ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያም አፈሩ እርጥብ ይሁን ደረቅ እንዳይታይ ከላይ ነጭ ጠጠር ደርድሮ መሸጥ በእኔ እምነት ገዥን መበደል ነው። ይባስ ብሎ በማግስቱ ደውለው ሲጠይቁት፣ «እህቴ፣ ውሃ ጠምቶት ነው፤ ማታ ማታ አጠጪው» የሚል መልስ ይሰጣል።

ከሰፈራችን ማዶ ያሉት ገበሬዎች በዚሁ መረሬ ላይ ስንዴ ሲዘሩ ውሃው እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣሉ። ውሃ የተኛበት ሰብል እንደሚገረጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኛ ደግሞ ይህን እውቀት በመስኮታችን እያየን፣ ሳሎን ውስጥ ላለው ተክል መውጫ ሳንሰጠው ውሃ እናጠጣዋለን።

ነገሩ ረቂቅ አይደለም። ሥርም ይተነፍሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ ሥሩ ኦክስጅን ያጣና ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል፤ ጠወለገ ተብሎም ሌላ ጆግ ይጨመርለታል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኑ ሁሉ በሚሞላበት ቀን ተክሉም፣ ፈለገም አልፈለገም፣ እስኪያጥለቀልቀው ይጠጣል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ስለማይወጣና ብርዱ ስለሚበረታ ተክሉ የሚጠቀመው ውሃ ይቀንሳል፤ የምናጠጣው መጠን ግን አይቀንስም።

በቅርቡ የአንዲት ጎረቤቴን ፖቶስ አብረን ከመትከያው አወጣነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆነው ነበር። አፈሩ የረጋ ኩሬ ይሸታል፤ ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል፤ በሁለት ጣት ይዤ ሳብ ሳደርገው ቆዳው ሙልጭ ብሎ ወጣና ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። የችግኙ ጥቁር ፕላስቲክ እንኳን አልተቀደደም ነበር፤ ሻጩ ከነላስቲኩ ከትቶ ዙሪያውን አፈር ሞልቶበታል። ጎረቤቴ «ቫይታሚን አንሶታል» ተብላ ማዳበሪያ ልትገዛ ተዘጋጅታ ነበር።

ማዳበሪያ ሌላው ብሶቴ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው የእርሻ ማዳበሪያ ነው። ከገጠር ዘመድ የተገኘ አንድ ማንኪያ ዩሪያ ለትንሽ መትከያ ከአቅም በላይ ነው፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ የቅጠሉንም ጠርዝ ያደርቃል። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል የሚገረጣው ከአሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች ጀምሮ ነው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ግን ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ጠንካራ ውሃ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያደርገው፣ ብረቱ አፈር ውስጥ እያለ እንኳን ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ለዚህ ዩሪያ ምንም አይፈይድም፤ የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ ማጠጣት ይሻላል።

በእርግጥ ውሃ የሚጠማው ተክልም አለ፤ አፈሩ ከመትከያው ጠርዝ ተላቆ ይሸሻል፣ ሲያነሱትም ይቀላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከመስኮት ሥር የተቀመጠውም ይገረጣል። ከሥር ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል ብቻ ከሆነ ዕድሜው ደርሶ ነው፤ አይነካ።

አንድ ጊዜ ቢጫ የሆነ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ስለዚህ አፈሩ ከተቀየረ በኋላ መታየት ያለበት አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው፤ «ቀይረነውም አልዳነም» ብላችሁ እንደገና ጆግ የምታነሱ እባካችሁ ታገሡ።

ሻጮችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሃ የሚያሳልፈውና አየር የሚይዘው ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየብሎኬት ማምረቻው ደጃፍ ተከምሯል። መረሬውን ትታችሁ እሱን ከብስባሽ ጋር ቀላቅሉ፣ ላስቲኩን ቅደዱ፣ መትከያውንም ከመሸጣችሁ በፊት ከሥሩ ብሱት።